በገብርኤል ቀን የተመታ ምስማር

ነፋስ ስልክ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ ፪ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ለምሳሳልህ ባለቤቴ ለአሥር አለቃ መኩሪያ
ኮንጎ

እንደምን ከርመሃል መኩሪያዬ? የደብዳቤ ወጉ «እኛ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነን» ብሎ መጀመር ነው። ሁለት ጊዜ እንደዚያ ብዬ ጀምሬ ሁለቱንም ቀድጃቸዋለሁ። በዚህኛው እውነቱን እጽፍልሃለሁ። ፈርቻለሁ። ከምንም በፊት አንድ ነገር ንገረኝ፤ ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ በእኛ ሦስት ሰዓት ላይ የት ነበርክ? በዚያ ቀን ያገኘህ ነገር አለ? ሌላውን ጥያቄዬን ሁሉ ብትተወው ቅር አይለኝም፣ ይህን ግን እንዳትዘለው።

የመጨረሻው ደብዳቤህ የደረሰን ሰኔ ሲገባ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየረቡዑ ደብዳቤ ወደሚሰጥበት ቢሮ እሄዳለሁ። ዛሬም ደርሼ መምጣቴ ነው። ጸሐፊው ገና ከበሩ ሲያየኝ ራሱን መነቅነቅ ይጀምራል። «አፍ የለህም? በአፍህ ተናገር» ልለው ይቃጣኛል፤ ደግሞ በአፉ የሚነግረኝ ሌላ ነገር ቢሆንስ ብዬ ዝም ብዬ እመለሳለሁ። የሰፈሩ ወሬ እንደሆነ አያልቅም። አንዱ ኮንጎ ሰላም ሆኗል ይላል፣ ሌላው ተኩስ ነው ይላል። ሁለቱም የሰሙት ከአንድ ጠጅ ቤት ነው።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ፤ መሃል ላይ እንዳትቆጣ። የሚጀምረው ከጋራዡ ነው። አዎ፣ አንተ በገዛ እጅህ ከሠራኸው ጋራዥ።

ልትሄድ አሥር ቀን ሲቀርህ ለዚያች ሴይቼንቶ መኪናህ መጠለያ ካልሠራሁ ብለህ ስትዋከብ ትዝ ይልሃል? «ስመለስ ታክሲ አደርጋታለሁ፣ ክረምት ካገኛት አለቀላት» ብለህ የጋራዡን ቆርቆሮ ከቤታችን ግድግዳ ጋር አላተምከው፤ ክፍተቱን በጭቃ ሞላኸው፤ በላዩ ሲሚንቶ ለቀለቅህበት። ሠራተኛ እንጥራ ብልህ «እኔ ሞተር ፈትቼ የምገጥም ሰውዬ ለአንድ ጣራ ሰው ልለምን?» አልከኝ። አይ አንተ! ሞተር ሌላ፣ ጣራ ሌላ። መኪናህስ ደህና ናት፣ አንዲት ጠብታ አልነካቻትም። ውሃው በእሷ ላይ አይደለም የመጣው። ጣራውና ግድግዳው በተገናኙበት እየሰረገ ግድግዳው ውስጥ ነው የሚገባው። ከግድግዳው ወዲህ ደግሞ የእናትህ መደብ አለ።

መጀመሪያ ያየሁት ሰኔ አጋማሽ ላይ ነው። ከመደቡ በላይ ልስኑ ላይ መዳፍ የምታህል እርጥበት ታየች። እማማ አማከለችን ባሳያቸው «የእኔ ትንፋሽ ይሆናል» አሉኝ። በሳምንቱ ሰፌድ አከለች። ሐምሌ ሲገባ ውሃው በጭቃው ውስጥ መንገድ አበጅቶ ከራስጌያቸው ይንጠባጠብ ጀመር። እኔም ሳፋ ደቀንኩበት። ጠብታው አይደለም ያስፈራኝ፤ ጠብታ በሳፋ ይያዛል። ያስፈራኝ የግድግዳው ሽታ ነው። የወንዝ ዳር ጭቃ ይሸታል። በእጄ ስዳስሰው ይቀዘቅዛል፣ ጣቴን ገፋ ሳደርገው ይገባል። ያን ዕለት ውዳሴን ከአያቷ ጎን አንሥቼ ከእኔ ጋር አስተኛኋት። ልጅህም አመሏ አይለቅ፣ ዞር ስል ሮጣ ተመልሳ አያቷ ጉያ ውስጥ አገኛታለሁ።

ከጓሮአችን ማዶ የሚያርሱትን ኦቦ ነገሪን ጠራኋቸው። እኚህ ሰው እኛ ወደ ነፋስ ስልክ ሳንመጣ፣ ቆርቆሮ የሚባል ነገር በዚህ አገር ሳይታይ፣ የጭቃ ቤት ሲያቆሙ የኖሩ ናቸው። አውራ ጣታቸውን ግድግዳው ላይ ተጫኑ፤ ጣታቸው እስከ አንጓው ገባ።

«ያ ዋቃዮ!» አሉ። «ልጄ፣ ሲሚንቶና ጭቃ አይጋቡም። ሲደርቁ ይለያያሉ። በመሃላቸው ውሃ ገብቶ ተቀምጧል። ይህ ግድግዳ ላዩ ደረቅ መስሎ ውስጡ ገንፎ ሆኗል።»

«ይወድቃል?» አልኳቸው።

«ይወድቃል እንጂ። ቀኑን ግን አይነግርሽም።»

«ወዴት ነው የሚወድቀው?»

 ዓይናቸው ወደ መደቡ ሲሄድ አየሁት። የበሩን መቃን ያዝኩ።

አሁን «ታዲያ እማዬን ለምን ከዚያ አላነሣሻቸውም?» ትለኛለህ። ልጅህን ካነሣሁ እናትህን ማንሣት አቅቶኝ መሰለህ? አንተ የሄድክ ዕለት የተሳሉትን ስለት አታውቅም። ለቅዱስ ገብርኤል ነው የተሳሉት። «ልጄ በሰላም ገብቶ፣ እጄን ይዞ ከዚህ መደብ እስኪያነሣኝ ድረስ ጎኔን ሌላ ቦታ አላሳርፍም» ብለዋል። አልጋዬን ልቀቅልዎ ብላቸው፣ ጓዳ ላንጥፍልዎ ብላቸው፣ ብለምን፣ ባለቅስ፣ «ስለቴን አፍርሼ ልጄን ላስገድል?» ይላሉ። አንድ ቀን በግድ ላነሣቸው ብብታቸው ውስጥ እጄን ባስገባ፣ ደረታቸውን ገልጠው «ጡቴን ቆርጠሽ ጣይው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ማን ይደፍራል? እኔ አልደፈርኩም።

እሳቸው ካልተነሡ ያለው መላ ግድግዳውን ከውሃ ማዳን ነው። ከጎፋ መንገድ ዳር ባልዲና አሸንዳ የሚሠራውን ከድርን ይዤው መጣሁ። ጥሩ ሰው ነው፣ ሥራውንም ያውቃል። መሰላል ላይ ወጥቶ ከዳር እስከ ዳር አየው። ከዚያ «እትዬ ፀሐይ፣ ይህን የሠራው ማነው?» አለኝ። «ባለቤቴ» ብለው ሳል አስመሰለ። ጥፋትህን ልዘርዝርልህ እንዴ? ምስማሩን ሁሉ የመታኸው በቆርቆሮው ጉድባ ነው፤ ውሃ የሚወርደው በጉድባው አይደል? ምስማር በጉብታው ነው የሚመታ። ሲሚንቶው ተሰንጥቆ አፉን ከፍቷል። ከፉሪ ተራራ በኩል በነፋስ የሚመጣው ዝናብ ግድግዳውን እየታከከ ይወርድና በዚያ አፍ ይገባል። ከድር ያሰበው፣ አንድ ረጅም ቆርቆሮ አጥፎ፣ ላይኛውን ጠርዝ ልስኑ ውስጥ አስገብቶ፣ ታችኛውን በጋራዡ ጣራ ላይ ማንጠፍ ነው። ውሃው ከግድግዳው ወርዶ በእሱ ላይ ተንሸራቶ ጣራው ላይ ይፈሳል። «ለሸሚዝ አንገትጌ እንደማለት ነው» አለኝ። እኔም እንዴት እንደገባኝ!

አንገትጌውን ሠርቶ የጨረሰው ሐምሌ አሥራ አንድ ቀን ነው። ነገ እንግጠመው ሲለኝ እማማ ሰሙ። «ነገ ሚካኤል ነው» አሉ። እሺ፣ ከነገ ወዲያ። ከነገ ወዲያ ዓርብ ነው፣ ከድር ጁምዓውን ይሰግዳል፣ ከሰዓት ደግሞ ዘነበ። ቅዳሜ፣ እናትህ ቅዳሜንም እንደ እሑድ ነው የሚያከብሩት። እሑድ እሑድ ነው። ሰኞ ኪዳነ ምሕረት ሆነች። ከድር «እትዬ፣ የእናንተ በዓል ከዝናቡ ይበዛል» ብሎ ሳቀ፤ እኔም ልቤ እየደማ ሳቅሁ። ማክሰኞና ረቡዕ በዓል አልነበረም። ሁለቱንም ቀን ሰማዩ ተቀዶ ዋለ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ሆድ አወጣ። የምሬን ነው የምልህ። ጠዋት ቀጥ ብሎ የነበረው፣ ወደ መደቡ በኩል እንደ ነፍሰ ጡር ተነፍቶ አየሁት። ልስኑ ተሰነጠቀ፣ ከስንጥቁም ቀጭን ጭቃ ወረደ። ጮኼ ኦቦ ነገሪን ጠራኋቸው። ሁለት ወፋፍራም እንጨት አምጥተው ከመሬቱ አስደግፈው ግድግዳውን ደገፉት። ሲጨርሱ እጃቸውን አራግፈው «ይህ ለአንድ ዝናብ ነው። ለሁለተኛው እኔ ዋስ አልሆንም» አሉኝ። እናትህ በሁለቱ እንጨቶች መካከል ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። «የፈሩት ይደርሳል» ይባል የለ? እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ስፈራ የነበረው አንተ ላይ የሚመጣውን ነበር፤ ሞት ከቤቴ ግድግዳ ውስጥ እየበሰለ እንደሆነ መቼ አወቅሁ።

በማግሥቱ ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ነው። ገብርኤል።

ጠዋት ሰማዩ ፍጹም ጠራ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ፀሐይ ያየነው ያን ቀን ነው። ሳልጠራው ከድር አንገትጌውን በትከሻው ተሸክሞ መጣ። «ይህ ብራ እስከ ስድስት ሰዓት ቢቆይ ነው፤ ፉሪ ላይ ደመናው እየተጠራቀመ ነው። እኔ በዓል የለብኝም፣ ሥራውን ለእኔ ተይው» አለኝ። በልቤ እግዚአብሔር የላከልኝ ሰው ነው አልኩ። ወጥቶ የድሮውን ሲሚንቶ በመሮ ነቀለ። አንገትጌውን አስተካክሎ አስቀመጠ። የመጀመሪያውን ምስማር ይዞ መዶሻውን ሲያነሣ እናትህ ከውስጥ ጮኹ። ምን ዓይነት ጩኸት መሰለህ! መርዶ የሰማ ሰው ነው እንደዚያ የሚጮኸው። ስለታቸው መደቡን እንዳይለቁ ስለሚከለክላቸው እዚያው ሆነው ነው የሚጮኹት፦

«ከድር! ልጄ ከድር! እናትህ ይሙቱብህ አትምታው! በገብርኤል ቀን ምስማር አይመታም! ልጄ በጥይት መካከል ነው ያለው!»

ከድር እጁ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ መሰላሉን ቀስ ብሎ ወረደ። «እትዬ፣ ይቅር በይኝ። ሃይማኖቱ ባይከለክለኝም የእናት እንባ ይከለክለኛል። እናት እያለቀሰች የመታሁት ምስማር ለቤትሽም ለልጆቼም አይበጅም» አለኝ። መዶሻውን ከሣሩ ላይ አስቀመጠው።

ገብቼ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «እማማ፣ ግድግዳው ይጫንዎታል! ልጅዎ ሲመጣ እናቴ የት ናት ሲለኝ ምን ልመልስለት?» አልኳቸው። ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙት። እጃቸው በረዶ ነበር። ከዚያ የነገሩኝን ለአንተ እንዳልነግርህ አላስማሉኝም፣ ግን እንደማታውቀው እርግጠኛ ነኝ። አባትህን በሐምሌ ገብርኤል መብረቅ እንደመታው ታውቃለህ። ሰው ሁሉ «በበዓል ሲዘራ ተቀሰፈ» እንደሚል ታውቃለህ። የማታውቀውን ልንገርህ። አባትህ አልወጣም ብሎ ነበር። «ዛሬ ገብርኤል ነው» ብሎ ቤት ተቀምጦ ነበር። «ዘሩ ሊያልፍብን ነው፣ ይህ ሕፃን ምን ሊበላ ነው?» ብለው በሬዎቹን ከበረት ያወጡለት እናትህ ናቸው። ሕፃኑ አንተ ነህ።

«እኔ የሠራሁትን አትሥሪ» አሉኝ። «እኔ ለልጄ ብዬ ባሌን ሰጠሁ። አንቺ ለእኔ ለአሮጊቷ ብለሽ ልጄን ልትሰጪ ነው? ይውደቅብኝ! ሰማኒያ ዓመት ልኖር ነው እንዴ?»

መኩሪያ፣ እኔም አምናለሁ እኮ። ተማርኩ ብዬ፣ ፊደል ቆጠርኩ ብዬ ይህን ፍርሃት ከሆዴ ያወጣሁት እንዳይመስልህ። እኔም በገብርኤል ቀን እህል አላስፈጭም፣ ልብስ አላጥብም። እዚያ ተንበርክኬ ሳለሁ በአንድ በኩል አንተ፣ በሌላ በኩል እሳቸው ሆናችሁ ታያችሁኝ፤ አንዳችሁን ምረጪ የተባልኩ መሰለኝ። ቀና ስል ውዳሴን አየኋት። መቼ እንደገባች እንጃ፣ በእንጨቶቹ መካከል ገብታ አያቷ ጀርባ ተለጥፋ ተኝታለች። ከፉሪ በኩል ነጎድጓድ ተሰማ።

ልጅቷን አንሥቼ ለኦቦ ነገሪ አቀበልኳቸው። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አጥብቄ አሰርኩ። መዶሻውን ከሣሩ ላይ አነሣሁ። ከድር «እትዬ!» አለ። «አንተ ከታች ሆነህ ምራኝ። ኃጢአቱ የእኔ ነው» አልኩት። ኦቦ ነገሪም ልጅቷን ለከድር ሰጥተው መሰላሉን ያዙልኝ። እሳቸውም ገብርኤልን ያከብራሉ፤ ታዲያ «መሰላል መያዝ ሥራ አይደለም፣ መቆም ነው» አሉ። በዚያች ሰዓት ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ወጣሁ። አንተ ስትወጣ እንኳ ከታች ሆኜ ዓይኔን የምጨፍን ሴት ወጣሁ። ሲሚንቶው የተነቀለበት ቦታ ቁስል ይመስላል። እጄን ብሰድ ከውስጥ ያለው ቋሚ እንጨት አንዱ በስብሶ በጣቴ ተፈረፈረ። ከድር ከታች «ከእሱ ቀጥሎ ያለው ደህና ነው፣ አንኳኪው፣ የሚጮኸው ላይ ምቺ!» ይለኛል። አንኳኳሁ፣ የሚጮኸውን አገኘሁ። ምስማሩን አስቀመጥኩ። ሦስት ሰዓት ነበር፤ ከቅዳሴ የሚመለሱ ሰዎች በመንገዱ እያለፉ ነበር። ቆመው አዩኝ። አንዲቱ ሴትዮ አማተበች።

የመጀመሪያውን ስመታ «መኩሪያ» አልኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ስመታ ስምህን ስጠራ ነበር፣ አሥራ አንዱንም። ከውስጥ እናትህ ምስማር በተመታ ቁጥር «ወይኔ ልጄን» ይላሉ። እኔ ከውጭ፣ እሳቸው ከውስጥ፣ በአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ ሆነን አንተን ስንጠራ ዋልን። በአራተኛው ምስማር አውራ ጣቴን ቀጠቀጥኩት። ደስ አለኝ ብልህ ታምናለህ? ቅጣቴ ይህች ብቻ ከሆነች ብዬ። ጥፍሩ ጠቁሮ አሁን ሊወልቅ ነው፤ ቶሎ እንዳይድን እጸልያለሁ።

በጋራዡ ጣራ ላይ ያሉትንም ምስማሮችህን ነቅዬ፣ ቀዳዳቸውን በሬንጅ ደፍኜ፣ በጉብታው ላይ መታኋቸው። ከየምስማሩ ራስ ሥር የሚገባ ጎማ ያስፈልጋል ብሎ ከድር ሲነግረኝ የመለዋወጫ ጎማህን ካላማዳሪ፣ የውስጡን ላስቲክ፣ አውጥቼ በመቀስ ቆራረጥኩት። ይህን ስታነብ እንደምትጮህ አውቃለሁ። ጩህ። እባክህ ጩህና ጮኸህ ጻፍልኝ።

ዝናቡ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። በረዶም ነበረው። ከድርም፣ ኦቦ ነገሪም አልሄዱም፤ ሁላችንም ከመደቡ ፊት ቆመን ግድግዳውን እናያለን። ቆርቆሮው ላይ የሚያርፈው ድምፅ ጆሮ ይበጥሳል። እኔ ጠብታውን እጠብቃለሁ። ሳፋው ባዶውን ተቀምጧል። ዝናቡ አባራ፣ ሳፋውም ባዶውን ቀረ። ከድር «አልሐምዱሊላህ» አለ፣ ኦቦ ነገሪ ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። የእኔ ዓይን እናትህ ላይ ነበር። እሳቸው ዓይናቸውን ከሳፋው ላይ አንሥተው አንዴ አዩኝ፣ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል አልተነፈሱልኝም። ቁጣ ቢሆንማ በወደድኩ። ሲቆጡ አውቃቸዋለሁ፤ ይሳደባሉ፣ ከዚያ ይስቃሉ። ይህ ቁጣ አይደለም። እኔ ውኃ ስሰጣቸው ይቀበላሉ፣ ጾሙን ሲፈቱ ያቀረብኩትን ይቀምሳሉ። ታዲያ የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር መቁጠሪያቸው ይቆማል። ያኔ የእኔም እጅ ያለበት ይቆማል። በሩን የሚያንኳኳው ሽማግሌ ይሆን፣ የጦር ክፍሉ ሰው ይሆን ብለን ሁለታችንም እናዳምጣለን። የጎረቤት ልጅ ክብሪት ልትዋስ ስትገባ ሁለታችንም እንተነፍሳለን። እንዲህ ሁለት ሳምንት ኖርን።

ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ። «ነፍስ ለማዳን የተሠራ ሥራ በዓል መሻር አይባልም፤ ይልቅ በመፍራትሽ ስገጂ» ብለው ሃያ ስግደት አዘዙኝ። እሳቸው ምን አለባቸው? የእሳቸው ሰው ኮንጎ የለ። መቶ ሰገድኩ።

ግድግዳው እየደረቀ ነው። ኦቦ ነገሪ የበሰበሰውን ቋሚ ለውጠው፣ ሆዱን አፍርሰው በጭድ ጭቃ መልሰው መረጉት፤ ይህን ያደረጉት በሥራ ቀን ነው። እንግዲህ ስለ ቤቱ አታስብ።

እዚህ ጋ ደርሼ ደብዳቤውን ልዘጋ ስል እናትህ ከመደቡ ላይ ተናገሩኝ።

«ለልጄ ነው የምትጽፊው?»

«አዎ እማማ።»

«ስለ ምስማሩ ነገርሽው?»

«ነገርኩት።»

መቁጠሪያቸውን ጉያቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ «በይ የእኔንም ጻፊ» አሉኝ። የሚሉትን እንዳሉት አስቀምጥልሃለሁ፦ «ልጄ መኩሪያ፣ እኔ እናትህ አማከለች ነኝ። በገብርኤል ቀን ምስማር ያስመታሁት እኔ ነኝ። ሚስትህ በዓል ነው አልመታም ብላ ነበር። እኔ ነኝ ግድ ምቺ ብዬ ያወጣኋት።»

«እማማ፣ ኧረ እንዲህ አልሆነም!» አልኳቸው።

«ዝም ብለሽ ጻፊ!» አሉኝ። «መልአኩ ደብዳቤ አያነብም ያለሽ ማነው? የሚጠይቅ ከሆነ እኔን ይጠይቅ። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ይህን ተሸክመሽ መኖር አትችይበትም። እኔ ለምጄዋለሁ።»

ያሉትን ጽፌአለሁ፣ ማንበብ ስለማይችሉም መጻፌን በጣቴ እየተከተልኩ አሳይቻቸዋለሁ። አሁን ደግሞ መልአኩ የሚያነብ ከሆነ ይህንንም ያንብብ፦ አላዘዙኝም። መዶሻው በእኔ እጅ ነበር።

መኩሪያዬ፣ ቶሎ ጻፍልን። እኛ ደብዳቤህን ስንከፍት መጀመሪያ የምናየው ቀኑን ነው፤ ጉልህ አድርገህ ጻፈው። ካለህበት ሁሉ እመብርሃን ከፊትህ ትቅደም፣ የጥይቱን አፍ ታዙርልህ፣ እግርህን ወደ ደጃችን ትምራው። ልጅህ ውዳሴ እጅ ትነሣለች። እናትህ ምርቃታቸውን አልጨመሩም፤ ጨምሩ ብላቸው «ሲመጣ በአፌ ነው የምመርቀው» ብለውኛል።

ያንተው
ፀሐይወርቅ